ማዘር፣ ስምዎት እኮ ውሉ ላይ የለም

እማዬ የምትኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው፣ ኮንዶሚኒየሙን አልፋችሁ ወረድ ስትሉ ካሉት ግቢዎች በአንዱ። ውሃ በፈረቃ ነው፣ ፈረቃው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት ነው፣ ስለዚህ እዛ ሰፈር እንቅልፍ ቧንቧው ሲፈቅድ ነው የሚተኛው። ባለፈው ዓመት ታላቅ ወንድሜ ከዱባይ ለእረፍት መጥቶ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ኮሽታ ሰምቶ ሲወጣ እማዬ ጋቢዋን ተከናንባ ጄሪካን ስትደረድር አገኛት። በቃ አላስቻለውም፣ በነጋታው ሁለት ሺ ሊትር ሮቶ አስጭኖ መጣ፣ ሮቶ ደግሞ መሬት ላይ ተቀምጦ አይሆንም ማቆሚያ ይፈልጋል፣ ማቆሚያ ካሰራን አይቀር የመስኮት ግሪሉም ይሰራ፣ ግሪል ካልን ደግሞ የደረጃው መደገፊያም እየተባለ አስፋልት ዳር ካለ አንድ ብረታ ብረት ቤት ጋር ውል ተፈረመ። ወንድሜ ስራው ሳያልቅ እረፍቱ አልቆ ተመለሰ፣ ቀሪውን ክፍያ እማዬ ራሷ በቴሌብር ላከች።

ማቆሚያው ቆመ። ክረምቱ እንደገባ ግን አንደኛው እግር ከታች ከላሜራው ጋር የተበየደበት ቦታ ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ታየች፣ መጀመሪያ የዝገት መስመር መስላን ነበር፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ጥፍር የምታስገባ ሆነች፣ ማቆሚያውም ወደ ጎረቤት አጥር ዘመም አለ። ሁለት ሺ ሊትር ውሃ ማለት ሁለት ቶን ነው እኮ! እማዬ ምን አደረገች፣ ሁለት ወፍራም የባህር ዛፍ አጣና አስመጥታ በጎን ደገፈችው፣ ሮቶው ከግማሽ በላይ እንዳይሞላ ከለከለች፣ ከስሩ የነበረውን የልብስ ማጠቢያ ወደ በሩ አዞረች፣ የልጅ ልጆቿ እንዳያልፉ ደግሞ ድንጋይ ደርድራ ድንበር ሰራች። ለኔ የደወለችው ይሄን ሁሉ ጨርሳ ነው።

ከመደወሏ በፊት ብረታ ብረት ቤቱም ሄዳ ነበር ለካ። ባለቤቱ ወጣት ልጅ ነው፣ ባለጌ አይደለም፣ ወንበር ጠርጎ ነው ያስቀመጣት፣ ለስላሳ ላምጣልዎትም ብሏታል። ከዛ ግን «ማዘር፣ እኔ እኮ ከእርስዎ ጋር አልተዋዋልኩም፣ ስምዎት እኮ ውሉ ላይ የለም፣ ልጅዎት ሲመጣ እንነጋገራለን» አላት። ልጇ የሚመጣው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ብረቱ ደግሞ ሁለት ዓመት የሚጠብቅ አይመስልም።

እማዬን ያበሳጫት የብረቱ መዝመም እንዳይመስላችሁ። «የማድርበት ግቢ የኔ፣ ገንዘቡን የላክሁት እኔ፣ ቡና አፍልቼ ያበላሁ ያጠጣሁት እኔ፣ ስምሽ የለም ይለኛል? አንቺ ህግ ተምረሽ የለ እንዴ፣ እውነቱን ነው?»

ምን ልበላት። ህግ ተምሬያለሁ፣ አሁን አንድ አስመጪ ድርጅት ውስጥ ቀኑን ሙሉ የምሰራው ውል ማንበብ ነው፣ ወንድሜ ይሄን ውል ሲፈርም ግን አንድም ሰው አላሳየኝም፣ ወረዳው በር ላይ ዣንጥላ ዘርግቶ የሚቀመጥ ራፖር ጸሐፊ ነው ያረቀቀው። እና ልጁ ያለው ነገር ግማሽ እውነት አለው፣ ያ ነው የሚያናድደው።

የፍትሐ ብሔር ህጋችን የወጣው በ1952 ዓ.ም. ነው፣ በአዋጅ ቁጥር 165፣ ስራ ላይ የዋለው ደግሞ መስከረም 1 ቀን 1953። አሁን «ውል የሚሰራው በተዋዋዮቹ መሃል ብቻ ነው» የሚለው አንቀፅ ቁጥሩ ስንት ነው? 1952! ክላስ ውስጥ ሌላው ቁጥር ሁሉ ሲምታታብን ይቺን የሚረሳ ሰው አልነበረም። ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ረኔ ዳቪድ የኛን ዘመን አቆጣጠር አስበው ነው ያደረጉት አልልም፣ ፈተና ላይ ግን ባርከውናል።

አንቀፁ ብቻውን ሲታይ ክፉ አይደለም። ወንድሜና ብረታ ብረት ቤቱ ተስማምተው «ቀሪውን ሂሳብ የታችኛው ጎረቤት ጋሼ ይከፍላሉ» ብለው ቢፈራረሙ ጋሼ ምን አገባቸው? ተኝተው ባደሩበት ባለዕዳ ሊሆኑ ነው? ስለዚህ ህጉ አጥር አጠረ፣ ሁለት ሰዎች የተስማሙት እነሱን እንጂ ሶስተኛ ሰው አያስርም። እስከዚህ ድረስ እማዬም ትስማማለች። የሚያጣላው እዳን ለማገድ የታጠረው አጥር ጥቅምንም ውጪ ሲያስቀር ነው፣ ማለትም ሁለት ሰዎች ቁጭ ብለው ለሶስተኛ ሰው የሚጠቅም ነገር ተስማምተው ሲያበቁ ያ ሰው መጥቶ «የኔንስ?» ሲል «አንተ ማነህ» የሚባለው ነገር።

እንግሊዞች በዚህ ጉዳይ የሰሩትን ብነግራት እማዬ ባታምነኝም አይደንቀኝም። እ.ኤ.አ. በ1861 የተፈረደ ትዊድል በአትኪንሰን ላይ ያቀረበው ክስ አለ። ነገሩ የኛን ሰርግ ነው የሚመስለው፣ ልጆቹ ተጋቡ፣ ከዛ የሙሽራዋ አባትና የሙሽራው አባት ተቀምጠው ለሙሽራው ገንዘብ እንስጠው ብለው ተስማሙ፣ የሙሽራዋ አባት 200 ፓውንድ፣ የሙሽራው አባት 100 ፓውንድ። በፅሁፍ ነው ያደረጉት፣ እንደውም ሙሽራው ካልተከፈለው መክሰስ ይችላል ብለው ሁሉ ፅፈዋል። የሙሽራዋ አባት ሳይከፍሉ ሞቱ። ልጁ የንብረት አጣሪውን ከሰሰ፣ ተሸነፈ! ለምን ሲባል ለቃል ኪዳኑ በምላሹ አንተ ምንም አልሰጠህም፣ አንተ ለዚህ ውል ባዳ ነህ ተባለ። ስሙ ተፅፎለት፣ ክሰስ ተብሎለት፣ አማች ሆኖ፣ ባዳ! ይሄን ፓርላማቸው በህግ ያስተካከለው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፣ መቶ ሰላሳ ስምንት ዓመት ቆይቶ። ደግሞ የሚገርመው ከዛ ፍርድ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ በ1859 ኒውዮርክ ውስጥ ሎውረንስ በፎክስ ላይ በሚባል መዝገብ ተቃራኒው ተፈርዷል። ሆሊ የሚባል ሰው ለፎክስ 300 ዶላር ያበድረዋል፣ ግን ለኔ አትመልስልኝ፣ የሎውረንስ እዳ አለብኝና ነገ ለሱ ስጥልኝ ይለዋል፣ ፎክስ እሺ ብሎ ሳይሰጥ ቀረ፣ ሎውረንስ ቀጥታ ፎክስን ከሶ አሸነፈ። መርካቶ ውስጥ በቀን ስንቴ ነው ይሄ የሚሆነው? «ያለብህን ለኔ ከምታመጣ ለእከሌ ስጥልኝ» ሳይባል የሚውል ሱቅ አለ እንዴ?

የኛ ህግ ደግሞ ለዚህ መቶ ምናምን ዓመት አልፈጀበትም፣ መጀመሪያውኑ አስቀምጦታል። አንቀፅ 1957፣ አንድ ሰው በራሱ ስም ተዋውሎ ለሶስተኛ ሰው ጥቅም ቃል ማስገባት ይችላል ነው የሚለው። እንግሊዞቹ ያነሱት «በምላሹ ምን ሰጠህ» የሚል ጥያቄ እኛ ጋ የለም፣ ከፈረንሳዮቹ መንገድ የመጣ ስለሆነ። ቃል ያስገባ አለ፣ ቃል የገባ አለ፣ የሚጠቀም አለ፣ ሶስቱም በህግ ቦታ አላቸው። ባጭሩ 1952 አጥሩ ከሆነ 1957 በሩ ነው።

ደሞ ነገሩን የሚያውቀው ጠበቃ ብቻ አይደለም፣ ስሙን ነው የማናውቀው እንጂ ስራውንማ እንሰራዋለን። እድርን ውሰዱ። እማዬ ስንት ዓመት ሙሉ በየወሩ የእድር ስትከፍል ለራሷ ነው እንዴ የምትከፍለው? እሷ ስታርፍ ገንዘቡን የምንቀበለው እኛ ነን፣ ድንኳኑም የሚተከለው ለኛ ነው፣ እኛ ደግሞ አንድም ቀን ስብሰባ ሄደን አናውቅም። እና የእድር ጸሐፊ ሰው ሲመዘግብ መጀመሪያ የሚጠይቀው ምንድነው፣ የቤተሰብ ዝርዝር ነው፣ እናት አባት ባል ልጅ ብሎ በስም በስም ይፅፋል። ያ መዝገብ ላይ ያልተፃፈ ሰው ሲሞት የሚነሳውን ጭቅጭቅ ያላየ የአዲስ አበባ ሰው የለም፣ ምራት ናት አይደለችም፣ አማች ይቆጠራል አይቆጠርም፣ ለቅሶ ቤት ጥግ ይዘው ደብተር ሲያገላብጡ። የእድር ጸሐፊዎች 1957ን ሳያነቡት ከወረዳው በር ጸሐፊ በተሻለ ገብቷቸዋል፣ ሰውየውን በስሙ ፃፈው።

እቁብ ትንሽ ይለያል። እጣ የወጣለት ሰው እጣውን ለሌላ ሲሸጥ ያ ሌላ ሰው የእቁቡ አባል አይደለም ግን ገንዘቡን ይወስዳል፣ እሱ ለሶስተኛ ወገን መዋዋል ሳይሆን መብት ማስተላለፍ ነው የሚባለው፣ ከ1962 ጀምሮ ያሉት አንቀፆች ናቸው። እንደ ህጉ ገንዘብ ጠያቂው መብቱን ለሌላ ሲያስተላልፍ የባለዕዳውን ፈቃድ መጠየቅ የለበትም፣ ህጉ ወይ ውሉ ወይ የነገሩ ባህሪ ካልከለከለው በቀር። የሚተላለፈው ግን መብት ነው፣ እዳውን ለሌላ አሸክሞ መገላገል በገንዘብ ጠያቂው ፈቃድ ካልሆነ አይቻልም። እጣውን ሸጦ «ቀሪውን እሱ ይጣልላችሁ» ብሎ ስልኩን ያጠፋ ሰው ላይ የእቁብ ዳኛው ዋሱን ይዞ ቤቱ ድረስ የሚሄደው ለዛ ነው፣ ልክ ነው ደግሞ።

ቀለል አድርጌ ላስረዳት ስሞክር ስለ ሶስተኛ ወገን ነው የማወራሽ አልኳት፣ እማዬ ምን አለች፣ «የመኪናው?» ሚኒባስ መስታወት ላይ የሚለጠፈውን ማለቷ ነው። ከቃሊቲ ቱሉ ዲምቱ የተመላለሰ ሰው ሁሉ ጋቢና ሲቀመጥ ፊቱ ድቅን የሚለው እሱ ነው፣ እና አልተሳሳተችም። ባለመኪናው ከኢንሹራንስ ጋር ተዋዋለ፣ መንገድ ላይ የተገጨው ሰው ከማናቸውም ጋር አልተዋዋለም፣ ስሙንም አያውቁትም፣ ግን ካሳ የማግኘት መብት አለው። እዚህ ጋ ህጉ ለሁለቱ ሰዎች ፈቃድ አልተወውም፣ አዋጅ ቁጥር 799/2005 ነው ግድ ያደረገው፣ ያለዚህ መድን መኪና መንገድ ላይ እንዳይወጣ። ገጭቶ ያመለጠው መኪና ካልታወቀ እንኳን ካሳ የሚከፈልበት ፈንድ አለ። እማዬ ይሄን ሰምታ «ታዲያ እኔ ብረት ሊወድቅብኝ ነው፣ ያው አይደል?» አለችኝ። ያው አይደለም ብዬ ግማሽ ሰዓት ባስረዳትም ከዛ ቀን ጀምሮ ለጎረቤት ስትነግር «ሶስተኛ ወገን ነኝ» ነው የምትለው።

እሺ ወደ ውሉ። ወንድሜ በቴሌግራም ፎቶ አንስቶ ላከልኝ፣ ሁለት ገፅ ነው። ውል ሰጪ እሱ፣ ውል ተቀባይ ብረታ ብረት ቤቱ። መጨረሻው ላይ ያቺ የምታውቋት አረፍተ ነገር አለች፣ «ይህ ውል በፍ/ብ/ህ/ቁ 1731 እና 2005 መሰረት በህግ ፊት የፀና ነው»። የቤት ኪራይም ይሁን የበግ ሽያጭ እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ከሌሉበት ውል የሆነ አይመስለንም። ቁጥሮቹማ ትክክል ናቸው፣ 1731 በትክክል የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ ላይ እንደ ህግ ነው ይላል፣ 2005 ደግሞ የተፈረመ ፅሁፍ ማስረጃነቱን ነው የሚያወራው፣ ግን ሳይፃፉም ይሰራሉ እኮ፣ ህግ ናቸዋ! ለዛች መስመር የወጣው ቀለም አንድ ሌላ መስመር ላይ ቢውል ኖሮ፣ «የእቃው ባለቤትና የስራው ተጠቃሚ እናቴ ወ/ሮ እከሊት ናቸው፣ ጉድለት ቢኖር ራሳቸው መጠየቅ ይችላሉ» ቢባል፣ እማዬ በዛ ዝናብ አስፋልት ዳር ሄዳ ለስላሳ ልጠጣ አልጠጣ አትልም ነበር።

ሶስቴ ካነበብኩት በኋላ ነው ሁለተኛው አንቀፅ ውስጥ ያየሁት። «ውል ተቀባይ ለውል ሰጪ እናት መገልገያ የሚሆን የውሃ ታንከር ማቆሚያ በመኖሪያ ግቢያቸው ውስጥ…» ይላል። ለእናት መገልገያ የሚሆን! ስሟ የለም ግን እሷ አለች፣ ልጁ ደግሞ ለአንድ ሰው ከአንድ እናት በላይ አለው ብሎ አይከራከርም መቼም። በነገራችን ላይ ይሄ ቃል ወሳኝ ነው፣ ምክንያቱም ከአንድ ውል የሚጠቀም ሰው ሁሉ የውሉ ተጠቃሚ አይባልም። ማቆሚያው አጥራቸው ላይ ባለመውደቁ የታችኛው ጎረቤት ጋሼም ይጠቀማሉ፣ ግን ወንድሜ ሲዋዋል እሳቸውን አስቦ አይደለም፣ እሳቸው በ1957 ልምጣ ቢሉ ሳቅ ነው። ጥያቄው ተዋዋዮቹ ለማን ብለው አደረጉት ነው፣ እና እዚህ ለማን እንደሆነ በፅሁፍ አለ።

ስለዚህ ለእማዬ ደብዳቤ ፃፍኩላት፣ ግማሽ ገፅ። እንዲህ ባለው ቀን በተፃፈው ውል ለኔ የተደረገውን ጥቅም ተቀብያለሁ፣ ጉድለቱም ይሄ ነው፣ በአስር ቀን ውስጥ ይጠገንልኝ። ተቀብያለሁ የምትለዋ ቃል ለማሳመር አይደለም፣ ተጠቃሚው መቀበሉን እስኪያሳውቅ ድረስ ቃል ያስገባው ሰው ሀሳቡን መቀየር ይችላል፣ ካሳወቀ በኋላ ነው ነገሩ የሚፀናው። እማዬ ስታነበው መነፅሯን አውልቃ «የገዛ ልጄ የሰራልኝን ለመቀበል ማመልከቻ ላስገባ?» አለች። ፈረመች ግን፣ ረጅሙን ፊርማዋን።

ሌላ የፈራሁት ነገር ክፍያው ነበር። በሌላ ሰው ውል የሚጠቀም ሰው ውሉን የሚያገኘው ከነእሾሁ ነው፣ ቃል የገባው ሰው ቃል ባስገባው ላይ የሚያነሳውን መከራከሪያ ተጠቃሚውም ላይ ያነሳዋል፣ «ልጅሽ ሂሳብ አልጨረሰልኝም» ካለ እማዬም ላይ ይሰራል ማለት ነው። ደግነቱ ሂሳቡን የጨረሰችው ራሷ ናት፣ የቴሌብሩን መልእክት ደግሞ አልሰረዘችውም፣ እማዬ ከነ ሎተሪው ማስታወቂያ ምንም ነገር አትሰርዝም፣ ስክሪንሾት አድርጌ አብሬ አተምኩት።

ለወንድሜም ሌላ መንገድ ነግሬው ነበር፣ እዛ ካለው ቆንስላ ውክልና ይላክልን ብዬ፣ ግን እሱ ከቆንስላ ተነስቶ ውጭ ጉዳይ አረጋግጦት ሰነዶች ማረጋገጫ ተመዝግቦ እስኪደርስ ያ እግር ምን እንደሚሆን እግዜር ይወቅ። እና ወንድሜ እዛ ቆሞ አንድ ቀን ፈቃድ ማቃጠሉ አላስደሰተውም፣ «ለእናቴ ነው ያሰራሁት ማለት አይበቃም እንዴ?» ይላል። እሱም እንደ እማዬ ነው፣ ቤተሰባችን በሙሉ ህጉ ቤታችን ገብቶ እንዳየን አድርጎ ነው የሚያስበው።

ደብዳቤውን የሰጠችው ቅዳሜ ነው፣ ሁለት የእድር ጓደኞቿን ምስክር ይዛ። ልጁ አንብቦ 1957 ምንድነው አለ፣ ሳቀ፣ ኮፒው ላይ ደርሶኛል ብሎ ለመፈረም አንገራገረ። ከዛ ከምስክሮቹ አንደኛዋ የእድሩ ገንዘብ ያዥ መሆናቸውን አየ፣ እሱም የዛው እድር አባል ነው ለካ፣ እናቱም ጭምር። ፈረመ። አሁን አንቀፁ ይስራ እትዬ ይስሩ እኔ አልፈርድም፣ ለእማዬ ግን አንቀፁ ነው ብያታለሁ፣ ስንት ዓመት ከፍላ ነው ያስተማረችኝ።

እሁድ ጠዋት ሶስት ሰዓት ላይ ብየዳ ማሽኑን በባጃጅ ጭኖ መጣ። መብራት የለም። ሮቶው ባዶ እስኪሆን ውሃው በባሊ ተቀድቶ ግቢው ውስጥ ባለ ነገር ሁሉ ተሞላ፣ ድስት ሳይቀር፣ መብራቱ ግን አልመጣም፣ ቡና ተፈላ፣ አቦል ቶና በረካ አለቀ፣ እናቱ ስኳር እንዳለባት ነገራት፣ እማዬ ምን ምን መብላት እንደሌለባት ነገረችው፣ ከሰዓት በኋላ አስር ሰዓት ላይ መብራት መጣ። የተሰነጠቀውን ፈግፍጎ እንደገና በየደው፣ አራቱንም እግር በቱቦላሬ ሰያፍ አድርጎ አሰረው፣ አጣናዎቹን ነቀለ። በምሽት ጨረሰ። ገንዘብ አልጠየቀም፣ ይቅርታም አልጠየቀም።

ማክሰኞ ሄጄ ሳየው ማቆሚያው ቀጥ ብሏል፣ አዲሶቹ ብየዳዎች ግን ቀለም ስላልተቀቡ ሁለት ቀን ዝናብ መቷቸው ብርቱካንማ ሆነው ወደ ታች እየተንጠባጠቡ ነጩን ግድግዳ ነክተውታል። እማዬ ከጎኔ ቆማ እጇን ደረቷ ላይ አጣምራ አየችው።

«ቀለሙስ፣ ውሉ ላይ አለ?»

ስልኬን አውጥቼ ፎቶውን አጎላሁት። ሁለተኛ ገፅ፣ አንቀፅ አምስት፣ በአንቲረስት ሁለት እጅ ተቀብቶ ይላል።

«አለ» አልኳት።

«እንግዲያስ ሌላ ወረቀት ፃፊልኛ» ብላ ልብሱን ልታሰጣ ሄደች።